የሙሽሪት ልክና የአማቷ ልክ

ደንበኛዬ ፊቴ ቆሞ "የታብሌቱን ገጽ ዝጊበት" ስባል ደስ አይለኝም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ልኩን ከሰጠኝ ጊዜ ጀምሮ የሰፋሁለትን ለብሶ በበሬ እስኪወጣ ድረስ እንግዳዬ ነው። ሌላ እንግዳ መጣ ተብሎ የፊተኛው ይውጣ ይባላል? እኔ ቤት አይባልም። ይኼን ለልጄ ስነግራት ትስቅብኛለች።

"እማ፣ ገጽ እኮ ነው፤ አይከፋውም።"

"አንቺ ደግሞ! የሰው ወገብ ለክተሽ ታውቂያለሽ?"

ልጄ ቢሮ ተቀምጣ ለድርጅቶች ድረ ገጽ የምትሠራ ናት። የእኔ ትምህርት ፊደልና ቁጥር ላይ ነው የቆመው፤ ማንበቡን አነባለሁ፣ ግን በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ለብዙ ዘመን የደንበኛ ልክ የምጽፈው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ነበር። ግድግዳው ሲሞላ ልጄ አላስቀምጥ አለችኝ። "ቀለም ቀቢው፤ እኔ ገጽ እሠራልሻለሁ" ብላ የዕረፍት ቀኗን እየሰዋች ሠራችልኝና ታብሌት አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አቆመች። መጀመሪያ ተኮራረፍን፤ እኔና ታብሌቱ ማለቴ ነው። ኋላ ስለምደው ወደድኩት። የደንበኛውን ስም ነካ ሳደርግ የእሱ ገጽ ይከፈታል። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት እያልኩ እሞላለሁ። "አስቀምጥ" የሚለውን ስነካ ልኩ የቆራጩ ስልክ ላይ ይደርሳል።

ቆራጩ የሚሠራው ሌላ ሰፈር፣ ቤቱ ውስጥ ነው። ደንበኞቼን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። እኛ ስሙን ትተን "ሚሊሜትር" ነው የምንለው። የተጻፈለትን ይቆርጣል፤ ፀጉር ታህል አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ለምን ብሎም አይጠይቅም። ሚስቱ ቁርጥራጩን በላላ ስፌት አያይዛ በከረጢት ትልክልኛለች። እኔ ደንበኛው ላይ አድርጌ ካየሁት በኋላ ዋናውን ስፌት እሰፋለሁ።

ልጄ ገጹን ስታስረክበኝ አንድ ነገር አስጠንቅቃኝ ነበር። "አንዱን ደንበኛ ሳትዘጊ ሌላውን አትክፈቺ።" እሺ አልኳት፤ በአፌ። ሁለት ገጽ ጎን ለጎን መክፈት እንደሚቻል ግን ስነካካ ራሴ ደርሼበት ነበር። በሰው ላይ በር ከምዘጋ ሁለቱንም ከፍቼ ባስተናግድ ምን አለበት? እንዲህ ብዬ ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሽሪትና አማቷ አብረው መጡ።

ሙሽሪት ቀጭን፣ ረጅም ናት፤ በሬን ስታልፍ ጎንበስ ስትል ያየኋት ሴት እሷ ብቻ ናት። አማቷ አጠር፣ ደልደል ያሉ ናቸው። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የሰፈራችን ልጅ ግማሹ ወደዚህች ዓለም የመጣው በሳቸው እጅ ነው። ሁለቱ መካከላቸው አንድ ወንበር ክፍት ትተው ተቀመጡ። የተጣሉ አይደሉም፤ ገና አልተላመዱም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ይከባበሩና መከራ ያሳዩኛል።

የሙሽሪትን ገጽ ከፍቼ ሜትሬን አነሣሁ።

"እማማ ይቅደሙ" አለች።

እሺ ብዬ የአማቷንም ገጽ ጎኑ ከፈትኩ።

"ኧረ በጭራሽ!" አሉ አዋላጇ። "ሙሽራዋ እያለች? ነይ ልጄ፣ ቁሚ።"

"እርስዎ እያሉማ አይሆንም።"

"ቁሚ ስልሽ!"

"በሉ እናንተ ስትጨርሱ ንገሩኝ፤ እስከዚያ ራሴን ልለካ" አልኩ።

ሳቁ። ሙሽሪት ተነሣች። ወደ እሷ ገጽ ተመለስኩና ለካኋት፣ ሞላሁ፣ አስቀመጥኩ። ልትቀመጥ ስትል የእጅጌዋ ነገር ትዝ አላት። ስሟን እንደገና ነካ አድርጌ "እጅጌው እስከ አንጓ" የሚል ማስታወሻ ጻፍኩላት። ከዚያ ወደ አማቷ ገጽ አለፍኩ። እሳቸውንም ለካሁ፣ ሞላሁ፣ አስቀመጥኩ። ሥራዬ እንዳማረልኝ ነበር የማውቀው።

የሙሽሪት ጨርቅ ነጣ ያለ ሐር ነው፤ ከትልቁ የጨርቅ መደብር የመጣ። አዋላጇ የራሳቸውን ከትራስ ልብስ ውስጥ አወጡት። ከባድ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሐር። እጄን ሳሳርፍበት ውኃ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

"ባለቤቴ ነው ያመጣው" አሉ። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ልጃቸው በተወለደ ሰሞን ከሩቅ መንገድ ሲመለሱ ይኼን ጨርቅ አልጋው ላይ ጣል አድርገው "ሲያገባ ትለብሺዋለሽ" አሏቸው። "ሕፃኑ ገና አንገቱን አልያዘም፣ ሰውየው ሠርግ ያስባል! ስቄበት ነበር።" ጨርቁን በመዳፋቸው ዳሰሱት። "እሱ አላየውም። እኔ ልልበስለት። ደግሞ ሌላ የለኝም፤ አደራ፣ እንዳታበላሺብኝ።"

"እኔ የሰው ጨርቅ አበላሽቼ አላውቅም" አልኩ፤ እውነቴን ነበር።

ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሙሽሪት ልትለካ መጣች። የሚሊሜትር ሚስት የላከችው ከረጢት ጠዋት ደርሶኛል፤ እንደታጠፈ ከመጋረጃው ኋላ አቀበልኳት። ቆየች። በጣም ቆየች።

"ምነው የኔ እናት፣ ጠፋሽ?"

"መጣሁ እትዬ" አለችና ወጣች።

ቀሚሱ ጉልበቷ ሥር ቀርቷል። ወርዱ ግን ሁለት እሷን ይይዛል፤ ከሁለቱም ወገን በእጇ ጨብጣ ነው የቆመችው። ልጅቷ ጨዋ ናት አልኳችሁ አይደል? መስታወቱን አየች፣ እኔን አየች።

"ቆንጆ ነው እትዬ። ትንሽ… ሰፋ ብሏል መሰለኝ።"

ሳቄ አመለጠኝ። "ትንሽ! አማትሽንም ጨምሮ ይበቃል" አልኩ። ይኼን ከአፌ እንዳወጣሁ ሳቄን አቆምኩ። ወርዱን አየሁት። ቁመቱን አየሁት። የማን እንደሆነ አወቅሁ። ይኼ የአማቷ ልክ ከሆነ የሙሽሪት ልክ የት ነው ያለው?

ስልኬን አነሣሁ።

"ሚሊሜትር፣ አረንጓዴውን ነክተኸዋል?"

"ቆርጬዋለሁ።"

"በምን ልክ?"

"በተጻፈው ልክ።"

"ሰውየው፣ ለአማቷ እንዲህ የቀጠነ ልክ ሲመጣልህ ምን አልክ?"

"ቀጭን ናቸው አልኩ።"

እውነቱን ነው፤ አይቷቸው አያውቅም። ጨርቁን እንዲልክልኝ ነግሬ ዘጋሁ። ሙሽሪትን "እኔ አስተካክለዋለሁ፤ ለእማማ ለጊዜው አትንገሪብኝ" ብዬ ሸኘኋት። ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። የሙሽሪት ነገር አላስጨነቀኝም፤ ሰፊ ይጠባል፣ ያጠረውም ከዚያው መደብር ጨርቅ ተገዝቶ ይቀጠላል። የተጨነቅሁት ለአረንጓዴው ነው። የጠበበ ሐር በምን ይሰፋል? ያ ሹፌር ለሚስቱ ከዚያ ሁሉ መንገድ ተሸክሞት የመጣ ጨርቅ እኔ ቤት ገብቶ ለማንም የማይሆን ሆነ።

ልጄ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ መጣች። ታብሌቱን አገላበጠች። ሁለቱ ገጾች አሁንም እንደተከፈቱ ናቸው፤ ልብሱ መቼ ተወሰደና እዘጋለሁ?

"እማ! ዝጊ አላልኩሽም?"

"እኔ በሰው ላይ በር አልዘጋም ብዬሻለሁ!"

"ገጽ ነው!"

"ይሁና!"

ተፋጠጥን። እኔ እንደማልበገር ታውቃለች፤ እሷም ማንን መሰለችና። ቀስ ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁለት ገጽ ከፈተች፣ አንዱ ላይ የሆነ ቁጥር ጻፈች፣ አስቀመጠች፣ ሌላውን አየች። ፊቷ ተለወጠ።

"አንቺ አይደለሽም" አለች። "እኔ ነኝ።"

"ምን ሆነሽ ነው ደግሞ? ስንጣላ አልነበር?"

"ስሚኝ። ታብሌቱን ስትከፍቺ ገጹ 'ይቺ ልብስ ሰፊዋ ናት፣ አሁን እየሠራች ነው' ብሎ አንድ ቦታ ይይዝሻል። ሴሽን እንለዋለን። ሁለት ገጽ ብትከፍቺ፣ አሥር ብትከፍቺ፣ ሴሽኑ አንድ ነው፤ ምክንያቱም አንቺ አንድ ነሽ። እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ? 'አሁን የሚለካው ደንበኛ እከሌ ነው' የሚለውንም እዚያው አስቀመጥኩት። ቦታው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ መጨረሻ የነካሽውን ሰው።"

"እና?"

"እና መጀመሪያ ሙሽሪትን ከፈትሽ፣ ቀጥሎ አማቷን። ቦታውን አማቷ ያዙት። ወደ ሙሽሪት ገጽ ተመልሰሽ የሙሽሪትን ልክ ስትጽፊ ገጹ 'የማን ነው?' ብሎ ሴሽኑን ጠየቀ፤ 'የአማቷ' አለው። ከዚያ ለእጅጌው ብለሽ የሙሽሪትን ስም ነካሽ፤ ቦታው ወደሷ ዞረ። የአማቷን ልክ ስታስቀምጪ ሙሽሪት ላይ ገባ።"

"ከላይ ስማቸውን አየዋለሁ እኮ!"

"ዓይንሽ የሚያየው አንድ ነው፣ ገጹ ልቡ ውስጥ የያዘው ሌላ ነው። ዝጊ ያልኩሽ ለዚህ ነበር። ግን ሰው ሁለት ገጽ መክፈቱ አይቀርም፤ ቢሮ ብሆን ኖሮ አስበው ነበር። ላንቺ ሲሆን ዝጊ ብዬሽ አበቃሁ፣ እናቴ ናት ብዬ ቸልተኛ ሆንኩ።" እንባዋ መጣ።

"አንቺ ልጅ፣ ጨርቁ በእንባ አይሰፋም" አልኳት። "ይልቅ ይኼን ገጽ አበጂው፤ ነገ አዋላጇ ጋ አብረን እንሄዳለን።"

"እኔ ብቻዬን ልንገራቸው። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ሱቁ የማን ነው?"

"ያንቺ።"

"በቃ።"

በማግስቱ አዋላጇ ቤት ሄድን። ሙሽሪት አስቀድማ ደርሳ የሠርጉን ወንበር ጉዳይ ከአማቷ ጋር ስትነጋገር አገኘናት። ስታየኝ ደነገጠች፤ ለካ ምንም ሳትነግራቸው አድራለች። አረንጓዴውን ከረጢት ጭኔ ላይ አድርጌ ነገሩን እንደሆነው ነገርኳቸው። እኔ ሳበቃ ልጄ የሴሽኑን ነገር ጀመረች። እኔ አንድ ሌሊት አስቤበት ያልገባኝን ልጄ ገና ሳትጨርስ አዋላጇ ቀበል አደረጓት።

"ስሙን አልጋው ላይ ጽፈሽው ነዋ!"

"ምን አሉ እማማ?"

"ሁለት እናቶች ተከታትለው ሲወልዱ ስሙን አልጋው ላይ ብትጽፊ፣ አልጋው ላይ መጨረሻ የተኛው ሕፃን ይወስደዋል። እኛ እያንዳንዱ ሕፃን እጅ ላይ ነው የምናስረው፤ ወዴትም ቢወስዱት ስሙ አብሮት ይሄዳል።"

"አዎ! ትናንት ያስተካከልኩት እሱኑ ነው። አሁን እያንዳንዱ ገጽ የራሱን ሰው ስም ራሱ ላይ አስሮ ነው የሚሄደው።"

"ጥሩ አድርገሻል" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። "ጨርቄን ስጪኝ።"

ሰጠኋቸው። ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ጉልበታቸው ላይ ደረደሩት። የጀርባውን ክፍል ደረታቸው ላይ አደረጉት፤ ግማሻቸውን እንኳ አልሸፈነም። እንደገና ለክተው መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

"ይሰፋል ወይስ አይሰፋም?" አሉ በመጨረሻ።

"በዚህ ብቻ አይሰፋም። የሚመስለውን አረንጓዴ ፈልጌ በጎንና በጎኑ ብጨምርበት—"

"አይሆንም። ሌላ ሰው የገዛውን አረንጓዴ ከሱ አረንጓዴ ጋር አታመሳስዪብኝ። እንደዚያ ከሚሆን አጥፌ አስቀምጠዋለሁ፤ ካለኝ አንዱን እለብሳለሁ።" ቁርጥራጩን ማጠፍ ጀመሩ። እጃቸው ቀስ ይላል።

"ከኔ ይውሰዱ" አለች ሙሽሪት።

ሁላችንም ዞርን።

"የኔ ቀሚስ በእማማ ልክ ነው የተቆረጠው። በጎንና በጎን የሚወጣው ትርፍ እኮ… እማማ ላይ የጎደለው ነው አይደል፣ እትዬ?" ፊቷ ቀላ። "ሐሩም ሐር ነው። አረንጓዴ አይመስልም፤ የተጨመረ መሆኑ ይታያል። ግን ከቤት ነው።"

ጨርቁን በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት። ከብብት እስከ ታች የሚወርድ ነጭ ሰንበር በሁለቱም ጎን፤ እጅጌው ሥርም ተመሳሳይ ብንደግመው ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ይሆናል። እንዲያውም ያምራል። መልሱ ግን የኔ አይደለም።

"የሙሽራን ጨርቅ እኔ ልልበስ?" አሉ አዋላጇ።

"ምን አለበት?"

"ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ምሳውን ይበላል" አለች።

ልጅቷ እንዲህ መመለስ ታውቃለች ብዬ አላሰብኩም። አዋላጇም አላሰቡም መሰለኝ፤ ትክ ብለው አዩዋትና ትከሻቸው እስኪናጥ ሳቁ። ማጠፋቸውን ተዉ።

"አንቺስ? ያንቺ ቀሚስ ጉልበትሽ ሥር ቀርቷል አሉ።"

"ዛሬ ከመደብሩ ገዝቼ—"

"አትገዢም። ይኼ በቁመትሽ ነው የተቆረጠው፤ እኔ ላይ ወለሉን ይጠርጋል። ከታች የሚተርፈውን ውሰጂ፤ ቀሚስሽን አስረዝሚበት።"

"እማማ! የባለቤትዎ—"

"የባለቤቴ አዎ። የልጁ ሚስት አይደለሽ?"

እዚህ ላይ እኔ አልቻልኩም። "ቆይ፣ ቆይ" አልኩ። "የእርስዎ ይሁን። የሙሽራ ነጭ ቀሚስ ላይ ግን ጥቁር አረንጓዴ ጠርዝ? ክብደቱ ይጎትተዋል፣ ዓይን ይወጋል። እኔ ስም ያለኝ ሰው ነኝ፤ ከኔ ሱቅ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም!"

አዋላጇ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "አንቺ ሴትዮ፣ የሰው ልክ አገላብጠሽ ስታበቂ ነው ስለ ስም የምታወሪው?"

ልጄ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ሙሽሪት አላፈነችም። እኔም ተሸነፍኩ፤ በዓመት አንዴ ቢሆን ነው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ሐር ከሐር ጋር ሲጋጠም ይንሸራተታል፤ አንዱ ከባድ ሌላው ቀላል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በስፒል ይዤ፣ በእጅ ነካ ነካ አድርጌ፣ ከዚያ ነው የስፌት መኪናው ላይ ያወጣሁት። ሚሊሜትርን ሱቅ ድረስ ጠራሁት፤ አዋላጇን በዓይኑ ሲያያቸው ራሱን ነቀነቀ፤ "ቀጭን አይደሉም" አለ። ነጩን ሰንበር ፊቴ ቆረጠው። ከሁለቱም ቀሚስ የተረፈ ጨርቅ መሬት ላይ አልወደቀም ማለት ይቻላል።

ልጄም እስኪያልቅ አልሄደችም። አንዴ ያበጀችውን ገጽ እንድፈትንላት ፈለገች። ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ከፍቼ፣ አንዱ ላይ የእሷን ልክ፣ ሌላው ላይ የራሴን፣ እያፈራረቅኩ ጻፍኩ። አሁን "አስቀምጥ" ከሚለው በላይ የሰውየው ስም በትልቁ ይቀመጣል፤ ልኩም እዚያ ስም ላይ ካልሆነ አይቀመጥም። እያንዳንዱ ቁጥር ባለቤቱ ጋ ገባ።

"እማ፣ ይኼ ወገብ እውነት ያንቺ ነው?"

"ዝም ብለሽ አስቀምጪ።"

"ዝጊ አልልሽም ከእንግዲህ። የፈለግሽውን ያህል ክፈቺ።"

ለዚህ ቃል ስል እንኳን ተሳሳተች አልኩ፤ በሆዴ ነው ታዲያ።

ሠርጉ ላይ እኔና ልጄ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ጋ ተቀመጥን። ሙሽሪት ስትገባ የአረንጓዴው ክብደት ቀሚሱን ወደ ታች ይዞ፣ ስትራመድ ጠርዙ ከእግሯ ቀድሞ መሬቱን ዳበስ እያደረገ ነበር። አልጎተተውም፤ አስተኛው። ሰው ሁሉ እሷን ያያል። እኔ የማየው የአዋላጇን ብብት ነው። ሐር ላይ ሐር ገጥሜ፣ ሴትዮዋ ዕድሜ ልካቸውን ሲያነሡና ሲሸከሙ የኖሩበትን ክንድ አስገብቼ፣ ስፌቱ ይያዝልኝ አይያዝልኝ እንዴት አላይም?

ሙዚቃው ሲጀመር ልጃቸው ሊያስጨፍራቸው መጣ። ተነሡ። እጃቸውን ግን አላነሡም፤ እሳቸውም ስፌቱን እያሰቡ ይመስለኛል፤ ክንዳቸውን ጎናቸው ላይ ለጥፈው እግራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ።

"ያንሡት!" አልኩ ከተቀመጥኩበት፣ ጮክ ብዬ። "አይፈታም! ያንሡት!"

"እማ፣ ሰው እያየሽ ነው" አለች ልጄ።

"ይየኝ።"

አዋላጇ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ላይ ለቀቁት። ነጩ ሰንበር ከብብታቸው እስከ ታች ተዘርግቶ ብልጭ አለ። አንዲት ክር እንኳ አልተበጠሰችም። ሙሽሪት ሮጣ ሄዳ ፊት ለፊታቸው ቆመች፣ እሷም እጇን አነሣች፤ አዋላጇ "ቅደሚ"፣ እሷ "እርስዎ ይቅደሙ" ሲባባሉ ከሩቅ ይታየኛል።

ሳህኔን ወደ ራሴ ሳብኩና መብላት ጀመርኩ።